ለአንድ እጅ የመረጥኳቸው

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የዋለው መብራት መጣ። ላፕቶፔን ሰካሁ፤ ስልኬን ኔትወርክ እንዲይዝልኝ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አቆምኩት፤ ከዚያም ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሱ ሳነብ የሰነበትኩትን አንድ አዲስ አድኦን ጫንኩ። ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ የጫንኩትም ማንንም ለመጉዳት አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ራሴን ለመከላከል ይመስላል። ምናልባትም ነው።

አድኦን የምንለው የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ለሌላው የሚያካፍሉት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ጨዋታው ውስጥ ሲጨመር ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ይለውጣል፤ ያልነበረውን ያሳያል፣ የበዛውን ይደብቃል። እኔ አንዱን ለመምረጥ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ማየት እያለብኝ የማላየው ምንድን ነው? እያየሁት ባላየው የሚሻለኝስ? ለሁለቱም መልስ የሌለውን አልጭንም። የሚጫወቱ ጓደኞቼ ግን ያገኙትን ሁሉ ይጭናሉ። የአንዳንዱ ስክሪን በመስመርና በቀለም ከመሞላቱ የተነሣ መሃል ላይ የሚዋጋው ሰውዬ ራሱ አይታይም። በእኛ ኔትወርክና በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ እያንዳንዱ ጭማሪ ጨዋታውን ያንቀራፍፈዋል። ስለዚህ የሠሪዎቹን ማብራሪያ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ቅሬታ የጻፉትንም አነባለሁ። የትኛው ይሻላል ሲባል ሁሉም እኔን መጠየቅ የጀመሩት ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ለፍቼ የመረጥኩት ግን ለራሴ አልነበረም፤ ለአክስቴ ልጅ ነው።

በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ቤተሰቦቹ ሰቆጣ ዙሪያ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የአባቱን ማሳ ከድንጋይ ሲያጸዳ ያነሣው ብረት ፈነዳና ግራ እጁን ከአንጓው ወሰደበት። ማረስ ስላልሆነለት ሰቆጣ ከተማ ገባ፤ አሁን ለሰዎች ስልክ ላይ መዝሙርና ፊልም የሚጭንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ከእኔ ቤት ሩቅ አይደለችም። ኮምፒውተሩም እዚያው ስለሆነ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ግድግዳ ያይ ነበር። ይህን አይቼ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የለመድኩትን፣ ሰዎች በኢንተርኔት በቡድን ሆነው ጭራቅ የሚዋጉበትን ጨዋታ አሳየሁት። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ሳያየኝ ከሰው ጋር የምሆንበት ቦታ እሱ ነበር። ለእሱም እንደዚያው ይሆንለታል ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ አልቻለም። ጨዋታው የተሠራው ለሁለት እጅ ነው፤ ቀኝ ማውስ ይይዛል፣ ግራ ኪቦርዱ ላይ ይሯሯጣል። ግራ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበትና ያገኘሁትን አድኦን ሁሉ በቀኜ ብቻ መሞከር ጀመርኩ። አብዛኛው አልሆነም። አንዱ ግን የቡድኑን ሰዎች ስም በሳጥን በሳጥን ደርድሮ ያስቀምጣል፤ የቆሰለው ሰው ሳጥን ላይ በማውስ መጫን ብቻ ነው፣ ሕክምናው ይሄድለታል። በግራ ቁልፍ ሲጫኑት አንድ ዓይነት ሕክምና፣ በቀኝ ሌላ፣ የመሃሉን ጎማ ሲያሽከረክሩት ደግሞ ሌላ። ስለዚህ አካሚ እንዲሆን ነገርኩት። አደጋ ሲመጣ ስክሪኑ መሃል ላይ በትልቁ የሚጽፍ፣ የተሰበሰበውን ዕቃ ራሱ በየቦታው የሚያስገባ፣ ደግሞም የማያስፈልጉትን ቁልፎች ሁሉ ከፊቱ የሚያነሣ ጨመርኩለት።

ሲሳካለት «አንቺ ልጅ፣ ግራ እጄን ከየት አምጥተሽ ገጠምሽልኝ?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በእጁ ሲቀልድ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀኝ። ጨዋታው ውስጥ ዘመድ አይደለንም፣ አንተዋወቅም አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

የምንጫወተው ከየከተማው ከተሰባሰቡ ሰዎች ጋር ነው። አለቃችን አዲስ አበባ ያለ፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ቁጣው ቶሎ የሚበርድ ሰው ነው። የሐዋሳ ልጅ አለ፣ የድሬዳዋ ልጅ አለ፤ ፊታቸውን አላውቅም፣ ድምፃቸውን ብቻ ነው። እኔ ማይክ አልከፍትም፣ እጽፋለሁ። የአክስቴ ልጅ በአንድ እጅ መጻፍ ስለሚያዘገየው ይናገራል። ሱቁ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ካስፈለገው በላይ ቃል የማይለዋወጠው ሰው እዚያ ሲገባ ምላሱ ይፈታል። ቀርፋፋ አካሚ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይሰድቡታል፣ ይሰድባቸዋል። እኔ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ እስቃለሁ።

ያን ሰሞን አንድ ዘንዶ አልሸነፍ ብሎን ነበር። አለቃው ጥፋቱ ከማን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ሁሉም በሌላው ያሳብባል። ያን ቅዳሜ የጫንኩት አድኦን ይህን የሚመልስ ነበር፤ ቆጣሪ ነው። ማን ምን ያህል እንደመታ፣ ማን ምን ያህል እንዳከመ፣ ማን ከዘንዶው እሳት ሳይሸሽ እንደተቃጠለ በየገጹ በባለቀለም መስመር ይደረድራል። ብዙ የሠራ መስመሩ ይረዝማል፣ ጥቂት የሠራ ያጥራል።

እንደጫንኩት ገባን፤ እንደገና ተሸነፍን። እሳቱ ውስጥ ቆመው የሚቃጠሉት የሐዋሳው ልጅና ጓደኞቹ መሆናቸውን ቆጣሪው በግልጽ አሳየኝ። አለቃው እንደተለመደው ማን ነው እያለ መጮህ ጀመረ። መናገር ነበረብኝ፤ መናገር ግን አልወድም። ገጾቹን ለሁሉም ሰው የሚልክ ቁልፍ አለ። የእሳቱን ገጽ ብቻ መላክ ይቻል ነበር። መርጬ ብልክ አድልዎ የሚሆን መሰለኝና ሁሉንም ላክሁ። ከመላኬ በፊት የአካሚዎቹን ገጽ አይቻለሁ። የእሱ መስመር ከሁሉም አጭር መሆኑንም አይቻለሁ። ሰው የሚያየው እሳቱን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እሳቱን ያየ ሰው አልነበረም።

«ይሄ ልጅ ተኝቶ ነው እንዴ የሚያክመን?» አለ የሐዋሳው። «ትራስ አቀብሉት።»

«ትራሱማ አንተ ነህ» አለው የአክስቴ ልጅ። «ሁልጊዜ መሬት ላይ ተዘርግተህ ነው የማገኝህ።»

ሁሉም ሳቁ። አለቃው ራሱ ቁጣውን ረስቶ ሳቀ። ያኔ የድሬዳዋው ልጅ ገባበት፦ «ተዉት እንጂ፣ ምሳ ላይ ነው። በአንድ እጁ ነው እኮ የሚጫወተው፣ ሌላው ትሪው ላይ ነው።»

ሳቁ ቀጠለ። የአክስቴ ልጅ ድምፅ ግን አልተሰማም።

ባደግኩበት ቀበሌ ሰው በሰው ፊት ሲወቀስ ራሱ ለራሱ አይከራከርም፤ ነውር ነው። ዘመዱ ይነሣና ያስረዳለታል፤ ታሞ ነው፣ ሐዘን ደርሶበት ነው ይላል። ወቃሹም ያፍርና ይተወዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም ያለ ዘመድ ከዘመድ አይቆጠርም። እናቴ ስለ ወንድሟ ስትነሣ አይቻለሁ፤ አባቴ ስለ ጎረቤት ልጅ ሳይቀር ሲነሣ አይቻለሁ። እኔ በሕይወቴ ስለ ማንም ተነሥቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ተነሣሁ። ሁሉም በሚያየው ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የአክስቴ ልጅ ነው። ያለው አንድ እጅ ነው። እባካችሁ ተዉት።»

ሳቁ ቆመ። ከዚያ የድሬዳዋው ልጅ በቀጭን ድምፅ ይቅርታ አለ፤ አላወቅሁም ወንድሜ፣ በእናትህ እንዳትቀየመኝ አለ። የሐዋሳውም ተከተለ። አለቃው ለሌሎቹ ማንም እንዳይናገረው አስጠነቀቀ፤ ከዚያ ለእሱ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ከኋላ ቁም። ምንም ባታደርግም ችግር የለም» አለው።

ለመጨረሻ ጊዜ ሞከርን። ሰዎቹ ከእሳቱ ሸሹ፤ ዘንዶው ወደቀ። ከዘንዶው የተገኘውን ምርጥ ዕቃ በአንድ ድምፅ ለእሱ ሰጡት። የአካሚ ዕቃ እንኳ አልነበረም፤ ትልቅ ሰይፍ ነበር። አመሰግናለሁ አለ። ከዚያ ስሙ ከተጫዋቾቹ ዝርዝር ጠፋ።

ደወልኩ፣ አላነሣም። ቆጣሪውን ከላፕቶፔ አጠፋሁት፤ ጥፋቴን ከእሱ ጋር የማጠፋው ይመስል። ሱቁ ድረስ ለመሄድ ነጠላዬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩ። ምን እንደምለው ስለማመድ አመሸሁ። ያሰብኩት ሁሉ የሚጀምረው «እኔ እኮ» በሚል ነበር።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ሱቁ ሄድኩ። አንዲት አሮጊት ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል፤ መዝሙር ጭኖላቸው የት እንደሚጫኑ እያሳያቸው ነው። «እማማ፣ ይቺን ሲነኳት ይጀምራል፤ ሲበቃዎት መልሰው ይንኳት» ይላቸዋል። ሴትዮዋ መረቁት። ሲወጡ ትከሻውን ዳሰስ፣ የእጅጌውን ባዶ ጫፍ አየት አደረጉና «አይዞህ የኔ ልጅ፣ እሱ ያውቃል» አሉት።

እስኪርቁ ጠበቀ። ከዚያ በአገራችን ቋንቋ በኽምጠኛ፣ እኔን ሳያየኝ፣ «ሰማሻቸው?» አለኝ።

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። «ቆጣሪውን አጥፍቼዋለሁ» አልኩት።

«ቆጣሪው ምን አደረገኝ? አጭር ከሆነ አጭር ነው።» ወንበሩን በእግሩ ገፋልኝ፤ አልተቀመጥኩም። «ሰቆጣ ውስጥ ሰነፍ የሚለኝ ሰው የለም። ሱቁን ከፍቼ ብተኛበት አይዞህ ነው የሚሉኝ። አባቴ እንኳ መቆጣት ትቷል። እዚያ ግን ሰነፍ ነበርኩ። ትናንት ያ የድሬዳዋ ልጅ ሲናገረኝ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ቀደምሽኝ።»

«ምን ልትለው ነበር?»

«አሁን አያስቅም።»

ልንገራቸው፣ ላስተካክለው፣ እንደ ድሮው እንዲሆኑልህ ልለምናቸው አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ብለሽ? እጁ በቀለለት ብለሽ?»

መሳቅ ይኖርብኝ እንደሆነ አላወቅሁም። እሱም አልሳቀም። ከዚያ ያሰበውን ነገረኝ። ሌላ ቡድን ሊገባ ነው፤ በአዲስ ስም፣ ማንም ወደማያውቀው ቦታ። ለአዲሱ አድኦኖቹን ከመጀመሪያው ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ያንን ያለ እኔ አይችልበትም። ስሙን ግን አይነግረኝም። የትኛው ቡድን እንደገባም አይነግረኝም።

«እሺ» አልኩ።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ግራ እጄን እንደ በፊቱ ጭኔ ሥር አድርጌ በቀኜ ብቻ ሠራሁ፤ እሱ አጠገቤ ቆሞ ያያል። ሳጥኖቹን ደረደርኩ፤ የቀለም ልዩነታቸው በሱቁ ብርሃን እንዲታይ አደመቅኩት። የአደጋውን ጽሑፍ መጠን ከፍ አደረግኩ። ይሄ ይሁን? ስለው በጭንቅላቱ ይመልስልኛል። የጨረስኩ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ «ያንን ቆጣሪም ጫኚልኝ» አለ።

ዞሬ አየሁት።

«ለራሴ ብቻ የሚታይ። መስመሬ ስንት እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ልወቀው።»

ጫንኩለት። ለሌሎች የሚልከውን ቁልፍ ፈልጌ ከስክሪኑ ላይ አነሣሁት፤ እንዴት እንደሚመለስም አሳየሁት፣ ቢፈልገው ብዬ። ከዚያ የቀረው ስም የሚጻፍበት ሳጥን ብቻ ነበር። ወንበሩን ለቀቅኩለትና በሩ ላይ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ከኋላዬ ኪቦርዱ በአንድ ጣት ሲነካ ይሰማኛል፤ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ጆሮዬ ፊደሎቹን እየቆጠረ መሆኑን ሳውቅ ከበሩ ወረድኩ። መንገዱን ተሻግሬ፣ ደህና ዋል ሳልለው፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።