ገመድ ያዥ

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቀው ተዳፋት ላይ ያለው አፈር ቀይ ነው። እንደ ሜዳው ጥቁር ዋልካ ክረምት ላይ እግር አይዝም፣ በጋ ላይም አይሰነጣጠቅም። ዝናቡን ይጠጣዋል፤ ጠጥቶ የት እንደሚያደርሰው ግን ለማንም አያሳይም። ማታ ዶፍ ቢወርድበት ጠዋት ማረሻ ይገባበታል። ሰው ቁመቱን ሙሉ ቢቆፍር ድንጋይ አይነካም፤ የላዩና የታቹም መልክ አንድ ነው። ጓሉን ጨበጥ ሲያደርጉት ሽምብራ ሽምብራ እያከለ ይፈረካከሳል፤ የእያንዳንዱ ፍሬ ፊት ቅቤ የነካው ይመስል ያብለጨልጫል።

አስናቀው ይህን ሁሉ ያውቃል። የሚያውቀውን የሚያወራለት ሰው ካጣ ግን ቆይቷል።

ያ ተዳፋት ድሮ ባለ ብዙ ቤት መንደር ነበር። አባቶች ውሃውን ርቀው፣ ነፋሱን ችለው እዚያ የሰፈሩት ለጉድጓድ ብለው ነው። ማሽላ በጎተራ ነቀዝ ይበላዋል፣ አይጥ ይጋራዋል። በቀዩ አፈር ውስጥ በተቆፈረ፣ ሆዱ ሰፊ አፉ ጠባብ በሆነ ጉድጓድ ግን እርጥበት ሳይደርስበት ዓመታት ይቀመጣል። ሜዳው ዋልካ ላይ እንዲህ ያለ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ክረምቱ ሲገባ ውሃ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ ሰውም እህሉ ያለበት ቦታ ኖረ። ሰው ኑሮውን መረጥኩ ይላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጥለት ከእግሩ ሥር ያለው ነገር ነው።

በኋላ በሜዳው ላይ መንገድ ተሠራ። መብራት መጣ፣ ወፍጮ ቤት ተተከለ፣ እህል ማስቀመጫው የፕላስቲክ ከረጢት ሆነ። ሰዎቹ ጣሪያቸውን እየነቀሉ አንድ በአንድ ወረዱ። በመጨረሻ የወረደው አጥናፉ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ አብሮት ያረሰ፣ አብሮት ያጨደ ወዳጁ። አጥናፉ ቆርቆሮውን በአህያ ጭኖ ሲሄድ አስናቀው ማገር እንኳ አላቀበለውም። በሰው ፊት፣ "ተዉት ይሂድ! ዋልካው ላይ አንድ ክረምት ይሰንብትና ተመልሶ ይመጣል" አለ። አጥናፉ ክረምቱን ሰነበተ፤ አልተመለሰም። ሱቅ ቢጤም ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ካልሆነ አይገናኙም፤ ሲገናኙም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ነው የሚተላለፉት።

አስናቀው ከሚስቱ ከወለተ ሥላሴ ጋር ቀረ። እሷም ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ታማ ሞተች።

አሁን ሙት ዓመቷ ደርሷል። ለተዝካሯ የሚሆነው ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ አብረው ያጨዱት የመጨረሻው አዝመራ። አፉን በአዛባና በጭቃ የለሰነችው እሷ ነበረች፤ የጣቶቿ ፈለግ እስካሁን በልስኑ ላይ ይታያል። ኮምቦልቻ የምትኖረው ልጃቸው መቅደላዊት በስልክ፣ "አባዬ ምን አስጨነቀህ፣ ከገበያ እንገዛለን" ብላው ነበር።

"የእናትሽን ተዝካር በሰው ማሽላ?"

"ማሽላ ማሽላ ነው እኮ አባዬ።"

"አይደለም" አለ። እሷም፣ "ደህና ነህ ግን?" አለችው። "ደህና ነኝ" አላት።

ችግሩ እህሉ አልነበረም። ጉድጓድ ብቻን አይከፈትም። ታፍኖ የከረመ ጉድጓድ አየሩ ይገድላል፤ ገብቶ የቀረ ሰው አለ። ስለዚህ አንዱ ገመድ በብብቱ አስሮ ሲወርድ ሌላው አፉ ላይ ቆሞ ገመዱን ይይዛል። የመያዝ ሥራ ብቻም አይደለም። ገመድ ያዡ በየመሀሉ ወደ ታች፣ "አለህ?" እያለ ይጣራል፤ የወረደው፣ "አለሁ" ይላል። መልሱ ከጠፋ ያለ የሌለ ጉልበትን አሰባስቦ መጎተት ነው። አስናቀው ከእርሻው ዳር ካለችው ወይራ ሥር ቆሞ ገመዱን በግንዷ ላይ ጠመጠመ፤ ሳብ ሳብ አድርጎ ሞከረው። ጠንካራ ናት። ወይራ ግን ትይዛለች እንጂ አትጣራም። ገመዱን ፈታና ቁልቁል ወደ መንገዱ ወረደ።

ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ላይ ሲደርስ ዋልካው ጫማውን ያዘው። አጥናፉ ሱቅ ደጃፍ ሲደርስ እግሩ የዝሆን አክሎ ነበር። አጥናፉ ከባንኮኒው ኋላ አየውና ፈገግታውን ዋጥ አደረገ።

"ምነው አስናቀው፣ ጭቃ ተሸክመህ መጣህ? እኛ ዘንድ ሞልቶ ነበር እኮ።"

"ላራግፍና ልግባ።"

"ግባ ከነጭቃህ። ቤቱ ለምዶታል።"

አስናቀው ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ሳሙናውንና ጨው የሞላውን ማዳበሪያ ተራ በተራ ተመለከተ።

"ጉድጓዱን ልከፍት ነው" አለ።

"የወለተ ሥላሴን ማሽላ?"

"እሱን።"

"እና?"

ምን እንደጎደለው አጥናፉ ያውቃል። እንዲናገረው ፈልጎ ነው። አስናቀው በጉልበቱ ላይ የደረቀችውን ጭቃ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

"እናማ ገመድ ያዥ የለኝም።"

"ተመልሶ ይመጣል ያልከው እኔን ነበር አይደል?"

"ነበር።"

"ተመለስኩ?"

"አልተመለስክም።"

"በቃ፣ ይኸው ነው። መቼ ልምጣ?"

አስናቀው ወደ ቤቱ ሽቅብ ሲመለስ ደስታ መሰማት ሲገባው ንዴት ተሰማው። ይህን ያህል ዓመት የተከመረው ዝምታ በጥቂት ቃል የሚፈርስ ከነበረ እስከ ዛሬ የተሸከመው ለምን ኖሯል? ወለተ ሥላሴ፣ "ሂድና አናግረው" ስትለው፣ "እሱ ይምጣ" ሲል የኖረው ማንን ለመጉዳት ነበር?

አጥናፉ በቀጠሮው መጣ። አስናቀው ከዋዜማው ልስኑን በዶማ ሰብሮ፣ መክደኛውን ድንጋይ አንሥቶ፣ አፉን ከፍቶ ሲያናፍስ አድሮ ነበር። የእሷን የጣት ፈለግ ሲሰብር ዓይኑን ወደ ሌላ አዙሮ ነው የመታው። ኩራዝ አብርተው በገመድ አወረዱ፤ ነበልባሉ ሳይጠፋ ነደደ።

"አየሩ ደህና ነው" አለ አጥናፉ። "ግን አንተ ነህ የምትወርደው? በዚህ ባረጀ ወገብህ?"

"አንተ ብትወርድ በዚህ አፍ መቼ ታልፋለህ? ሱቅ ተቀምጠህ ተነፍተህ።"

ሁለቱም ሳቁ። አስናቀው ገመዱን በብብቱ አስሮ፣ ከአባቱ ጋር በልጅነቱ የፈለፈላቸውን የእግር መርገጫዎች እየዳበሰ ወረደ። ውስጡ ሞቅ ያለ ነው። የአባቱ ዶማ የነከሰበት ቦታ ሁሉ ዛሬ የተቆፈረ ይመስላል፤ አንዲት ጓል አልወደቀችም። ማሽላው በዚያ ሁሉ ዝናብ መሀል ጠብታ አልነካውም። እፍኝ አድርጎ አሸተተው። ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል እንጂ ጤነኛ ነው።

"አለህ?" አለ አጥናፉ ከላይ።

"አለሁ።"

ስልቻውን ሞላ፤ ስልቻው በሌላ ገመድ ተስቦ ወጣ። ባዶው ተመለሰ፤ ሞላ። በየመሀሉ ያ ጥሪ ይመጣል። ድምፁ በጠባቡ አፍ ገብቶ ከግድግዳው ጋር ሳይጋጭ፣ ሳያስተጋባ፣ ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ይወርዳል። ድካም ሲሰማው እህሉ ላይ ተቀመጠ። ካለፈው ዓመት ፋሲካ ወዲህ ስንት ሰው፣ "ደህና ነህ?" ብሎታል። ያ መልሱን ይዞ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ደህና ከማለት በቀር ቦታ የለውም። ይኸኛው ግን መልስ ይጠብቃል። ባይመልስ የሚደነግጥ ሰው ከላይ ቆሟል።

"አለህ?"

አስናቀው አልመለሰም። ክፋት አልነበረውም። አንድ ጊዜ ብቻ ይድገመው ብሎ ነው።

"አስናቀው! አለህ ወይ?"

ስሙን ሲሰማ አንድ ነገር ደረቱ ላይ ተናደ። አሁን ልመልስ ብሎ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ድምፅ የሌለው ልቅሶ ነው። በቀብሯ ቀን እንኳ ያልመጣለት ልቅሶ ነበር። ገመዱ ብብቱን ጭምድድ አድርጎ ያዘው። አጥናፉ ይጎትታል፤ የሽማግሌ ጉልበት ግን ከመቀመጫው ትንሽ አነሣው እንጂ አላወጣውም። ከዚያ አስናቀው የአጥናፉን ጩኸት ሰማ።

"ኧረ የሰው ያለህ! የሰው ያለህ! አስናቀው ጉድጓድ ቀረ!"

ጩኸቱ ሸለቆውን ተሻገረ። ከማዶ ያርሱ የነበሩት ባልና ሚስት፣ አሕመድኑርና ሁዳ፣ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ጥለው እየሮጡ መጡ። ሦስት ሆነው ሲጎትቱት እንደ ስልቻ ወጣ፤ ከራሱ እስከ እግሩ አቧራ ለብሶ፣ ዓይኑ እየፈሰሰ። ሁዳ ከቅሏ ውሃ አፈሰሰችበት።

"አብሽር አያ አስናቀው፣ አብሽር! አየሩ ነው፣ አላህ አወጣህ!"

አየሩ ነው ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን የአጥናፉን እጅ አየ። ገመዱ መዳፉን ልጦት ደም ቋጥሯል።

"አየሩ ደህና ነበር" አለ አስናቀው።

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?" አለ አጥናፉ።

"ደግመህ እንድትጠራኝ ፈልጌ።"

አሕመድኑር ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ።

"አንተ የተረገምክ ሽማግሌ!" አለ አጥናፉ። "ልቤን ልታቆማት? ሰው እንዲጠራው የፈለገ ሰው ከመንደር ወርዶ ይቀመጣል እንጂ ጉድጓድ ገብቶ ይሞታል? ሁለተኛ ገመድህን አልይዝም! ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

ከማሽላው ገሚሱ ገና እታች ነው። አጥናፉ ጀርባውን ሰጥቶ ወይራዋ ሥር ተቀመጠ፤ ሁዳ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ እጁን አሰረችለት። አሕመድኑር ሸሚዙን አወለቀ።

"እኔ እወርዳለሁ። አያ አስናቀው፣ ገመዱን አንተ ያዝ። አደራ፣ እንዳታለቅስበት!"

አስናቀው እግሩን አንፈራጦ ያዘ። ወዲያው፣ "አለህ?" አለ። ደቂቃ ሳይቆይ፣ "አለህ?" አለ። ሦስተኛውን ሲጣራ ከጉድጓዱ ሳቅ ወጣ፦

"ወላሂ አለሁ! አሁን መለስኩልህ እኮ፣ ልዝገንበት እንጂ!"

ሁዳ ሳቀች። አጥናፉ አልሳቀም፤ ትከሻው ግን ትንሽ ተነቃነቀ።

ቀኑ ሲያዘነብል ማሽላው በሙሉ ወጥቶ ቤት ገባ፤ ለተዝካሩ በቅቶ ይተርፋል። ባልና ሚስቱ ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ። አጥናፉ ዱላውን አነሣና ጥቂት እንደሄደ ቆመ፤ አልዞረም።

"ተዝካሩ እሑድ ነው አይደል?"

"እሑድ ነው።"

"ቅዳሜ መጥቼ አድራለሁ። ድንኳን የሚተክል ሰው ያስፈልግሃል።" ዱላውን ትከሻው ላይ አጋደመ። "ገመድ ግን አልይዝም።"

"እሺ።"

አጥናፉ ቁልቁል ሲወርድ አስናቀው ቆሞ አየው። ሰው የነበረበት ቦታ ሰው ከሄደ በኋላ የሚሰማው ጸጥታ ከጠዋቱ ጸጥታ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ይህን አሁን ነው ያወቀው። ቅዳሜ ሩቅ ነበር። ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተንበረከከና ሲጎተት የፈሰሰውን ማሽላ ከአፈሩ እየለየ በእንቅብ ይለቅም ጀመር።