የመምህርት ሲራድ ዋስ

ሲራድ የማካሮኒ ካርቶን በመቀስ እየቆረጠች ነበር። የቆረጠችውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠርዙን በጥፍሯ ታለሰልሳለች፤ ከዚያ በወፍራም ቀለም ቁጥር ትጽፍበታለች። ሰባትን ስትጽፍ ወገቡ ላይ ትንሽ ሰረዝ ታደርግለታለች፣ ልጆቹ ከአንድ ጋር እንዳያምታቱት። እዚህ ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍልን ሒሳብ ታስተምራለች። የምትኖረው ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ባለሁበት ግቢ፣ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው።

ወላጆቿ የዚህ አገር ሰዎች ቢሆኑም ያደገችው ድሬዳዋ ነው፤ መምህርነቱንም የተማረችው እዚያው ነው። እናትና አባቷ ካረፉ በኋላ ወደ ሀርጌሳ መጣች። ወንድም እህት የላትም። ዘመድ አላት ይባላል፤ ቡርኦ ይሁን በርበራ ግን እሷም አታውቅም፣ አይታቸውም አታውቅ። ከእኔ ጋር በአማርኛ ስታወራ ድምጿ ከፍ ይላል። በሶማሊኛ ሲሆን ዝቅ ይላል፤ አነጋገሬ የድሬ ነው ብለው ይስቁብኛል ትላለች።

የመምህራን ማኅበር አባል ናት። ማኅበሩ ለአባላቱ ብዙ ነገር አስገኝቷል። የወለደች መምህርት ደመወዟ ሳይቋረጥ ታርፋለች፤ የታመመ ሲኖር ክፍሉን ሌሎቹ በተራ ይይዙለታል። ሲራድ ያልያዘችው ክፍል የለም። እሷ ራሷ ትኩሳት ይዟት የተንቀጠቀጠች ጊዜ ግን ለማንም ሳትናገር ሹራብ ደርባ ሥራ ሄደች።

ዘንድሮ ማኅበሩ ለየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ የማሻሻያ ትምህርት ቦታ አገኘ። እየሠሩ የሚማሩት ነው። ወጪውን ማኅበሩ ይችላል፤ የጨረሰ ዋና መምህር ይሆናል። ሲራድ ከድሬዳዋ ከወጣች ጀምሮ የምትመኘው ይህንኑ ነበር። መምህራኑም ተሰብስበው ተራው የእሷ ነው አሉ። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተምራ ስትጨርስ ትምህርት ቤቱን ጥላ እንደማትሄድ የሚመሰክርላት ዋስ እስከ ረቡዕ ይዛ መቅረብ።

ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ ኢስታሂል ግቢያችን መጣች። በትምህርት ቤታቸው የማኅበሩ ተወካይ ናት፤ ደልደል ያለች፣ ሳትቀመጥ የምታወራ ሴት።

«መምህርት፣ ዋስሽ በመርከብ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለቻት።

ሲራድ ፈገግ አለች። «አይጠፋም፣ ኢንሻአላህ።»

«አጎቶችሽን ሁሉ ሰብስበሽ እንዳትመጪ። አንዱ ይበቃል፤ ወንበርም የለን።»

«እሺ።»

«እሺ ማለት አለኝ ማለት ነው?»

«እሺ፣ አመጣለሁ።»

ኢስታሂል ጉፍታዋን አስተካከለች። ሲራድን ትንሽ አየት አደረገቻት፣ ከዚያ ሻይ አልጠጣም ብላ መንገድ ጀመረች። ልሸኛት ተከትያት ወጣሁ። የብረት በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ኤዶ» አለችኝ፣ እዚህ ለባልቴት ሁሉ እንደሚባለው። «ይህች ሰው ለምን አትጠይቀኝም?»

«አንቺስ ለምን ልሁንሽ አትያትም?»

«በራሴ አፍ? ዘመድ የለሽም ብዬ እንደሰደብኳት እኮ ነው። ትጠይቀኝ እንጂ ነገ ጠዋት እቆምላታለሁ።»

ገብቼ ይህንኑ ነገርኳት። ሲራድ አንገቷን ደፋች።

«እማማ፣ ዋስነት ቀላል መሰለዎት? አባቴ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ለባልደረባው ዋስ ሆነ። ሰውየው ጠፋ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ደመወዙን ሲቆርጡበት ኖረ። ኢስታሂል ደግሞ የልጆች እናት ናት።»

«እዚህ እኮ አውቃታለሁ ማለት ብቻ ነው። የማንም ደመወዝ አይነካም።»

«ብሞትስ?»

«ሞት ደግሞ ከየት መጣ?»

«እንጃ፣ ሳይጠራም ይመጣል» አለች፤ ሁለታችንም ሳቅን። ግን አልጠየቀቻትም።

ረቡዕ ዋስ ሳታቀርብ አስተምራ መጣች። ቦታው ለዓብዲዋሀብ፣ ለወጣቱ የሳይንስ መምህር ተሰጠ። ለእሱ ሁለት አጎቶቹና የአክስቱ ባል መጥተው ቆመውለታል። ሲራድ እንኳን ደስ አለህ ብላዋለች።

ከዚያ ወዲህ ኢስታሂል በሻይ ሰዓት ከሲራድ አጠገብ አትቀመጥም። ሰላምታዋም ለእንግዳ እንደሚሰጥ ነው። «ለእሷ ሳስቼ መተዌን አታውቅም፤ የናቅኋት መስሏታል» አለችኝ ሲራድ፣ ልብስ እያጣጠፈች።

«እንግዲያው ሂጂና ንገሪያት» አልኳት።

ትናንት ዓርብ ነበር። ከጁምዓ በኋላ ተጣጥባ፣ ቡናማ ጅልባቧን ለብሳ፣ ከሱቅ ሐልዋ ገዝታ ወደ ኢስታሂል ቤት ልትሄድ ወጣች። እኔ በር ላይ ሆኜ አያታለሁ። የመጀመሪያው ሚኒባስ ሞልቶ አለፈ። ሁለተኛው ቆመላት፤ ውስጥ ያለች ሴትም ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ሲራድ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሚኒባሱ ሄደ። እሷ ተመለሰች።

«ዓርብ ነው፣ ቤታቸው ዘመድ ይሞላል» አለችኝ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ብዬ እጀምራለሁ? ሌላ ቀን እሄዳለሁ።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ሐልዋው እንደታሰረ መስኮቷ ላይ ነው። ጉንዳን እንዳይወጣበት ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ኩባያ ደፍታ፣ ከኩባያው ላይ አስቀምጣዋለች።