ለሁለት የተካፈልነው ኪኒን

ስኳር እንዳለብኝ የተነገረኝ ገጠር ውስጥ ባለ ሆስፒታል ነው። ባለቤቴ ያኔ ከመካ ርቆ ያለ እርሻ ይጠብቅ ስለነበር ፋይሌ የተከፈተው እዚያው ነው። በኋላ መካ፣ መንሱር ሰፈር ብንገባም ሆስፒታሉን አልቀየርኩም። ሰነፍ ናት በሉኝ፤ ሐኪሙን ለመድኩታ! ሱዳናዊ ነው፣ እንደ ታላቅ ወንድም ይቆጣል። ቀጠሮዬ ሲደርስ ንጋት ላይ ፈጅር ሰግጄ፣ ተሳፋሪ ሰብስቦ በሚሄድ መኪና እሳፈራለሁ። መንገዱ ጥቁር ድንጋይና ግራር ብቻ ነው። ግመል መሀል አስፋልት ላይ ከቆመች ሾፌሩ መንገድ እስክትለቅለት ይለማመጣታል። እኔ ደግሞ ለደም ምርመራው ቁርስ ስለማልበላ ግመሏንም ሾፌሩንም እየረገምኩ እጠብቃለሁ።

ጅዳ፣ ኦብሑር ከሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛ ነበረችኝ። ወሎ አንድ ቀበሌ ነው ያደግነው፤ ስለምበልጣት "እታለም" ትለኛለች። ሥራዋ የማዳሟን እናት መጦር ነበር። አንድ ጊዜ እኔ ዘንድ መጥታ፣ በስኳር መለኪያዬ ጣቷን ለቀልድ ብዬ ወጋሁላት። ቁጥሩ ከእኔም በልጦ ሲወጣ ሳቃችንን ዋጥን።

"ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በያቸው" አልኳት።

"በሽተኛ ሠራተኛ ማን ይፈልጋል? ማዳም ከሰማች ኸላስ፣ ወደ አገሬ ነኝ። ልጆቼን አንቺ ታሳድጊልኛለሽ?"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

የመድኃኒት ከረጢቴን እያየች፣ "ይህን ሁሉ ለብቻሽ ልትውጪው ነው እንዴ? እኔ ብሆን ሱቅ እከፍትበት ነበር!" አለች።

ሳቅን፤ ተካፈልነው። እኛ ያደግንበት ቤት የተገኘውን ለብቻ መጉረስ ነውር ነው። መድኃኒቱንም እንደ ምግብ አየሁት፣ ግማሽ ግማሽ የሚያጠግብ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ አሮጊቷን ለዑምራ ወደ መካ ይዞ ሲመጣ፣ እሷ ዊልቸሩን እየገፋች ትመጣለች። ሐረም መስጊድ ግቢ ውስጥ ተቃቅፈን ስንሳሳም፣ ኪኒኑን በካልሲ ጠቅልዬ አስጨብጣታለሁ።

ግማሽ እየዋጥኩ ስኳሬ ከየት ይውረድ! ሐኪሙ የምርመራ ውጤቴን አይቶ ቅንድቡን ሰቀለ።

"ያ ሐጃ፣ ተምር ላይ ነሽ አይደል?"

"እንዴት አወቅክብኝ?" ብዬ ያልበላሁትን ተምር አመንኩለት።

ሌላ፣ ጠንከር ያለ ኪኒን ጨመረልኝ። "ይህን ውጠሽ ቁርስ እንዳታሳልፊ፤ ስኳርሽ በአንዴ ወርዶ ይጥልሻል" አለኝ። ከእሱም ግማሹን ሰጠኋት። "ቁርስ ሳትበዪ እንዳትነኪው" ስላት፣ "እሺ እታለም፣ ወላሂ" አለች። እዚያ ቤት ግን እሷ ቁርስ የምትቀምሰው አሮጊቷ ታጥባ፣ በልታ፣ ከተኛች በኋላ ነው። ስንት ጊዜ እየሳቀች አጫውታኛለች። እያወቅኩ ሰጠኋት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልክ ደወለች። "እታለም፣ ወደቅኩ" አለች። ላብ አጥምቋት፣ እጇ ተንቀጥቅጦ፣ የአሮጊቷን ሾርባ እንደያዘች ኩሽና ውስጥ ተዘርግታለች። አሮጊቷ ጮኸች፤ ማዳሟ ሮጣ ጭማቂ በአፏ አፈሰሰችላትና ሐኪም ቤት ወሰደቻት። እዚያ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፣ አልቅሳለች አሉ። ግን "እናቴን ተሸክመሽ ብትወድቂስ?" ብላ ትኬት ቆረጠችላት።

ልሸኛት ጅዳ ወረድኩ። ሻንጣዋን በገመድ እየጠፈርን፣ "እኔ ነኝ ሥራ ያሳጣሁሽ" አልኳት።

"ተይ እባክሽ! ለመንኩሽ፣ ሰጠሽኝ። ይልቅ ገመዱን ሳቢው፣ ጉልበት የለሽም እንዴ?"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ጠንካራውን ኪኒን አቆመልኝና፣ "የመጀመሪያውን ዋጪ፣ ግን ሙሉውን። ላንቺ የታዘዘው ላንቺ ነው" አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ።

አሁን በቅርቡ ደግሞ ሄድኩ። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያይ፣ "ማሻአላህ፣ ያ ሐጃ!" ብሎ ነርሷን ጠርቶ አሳያት። ስኳሬ ወርዷል። ሁለቱ ሲደሰቱልኝ እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ የእሷን ድርሻ ቀምቼ የዳንኩ መሰለኝ።

ስመለስ መኪናው ውስጥ እያለሁ ከወሎ ደወለች።

"ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው እታለም። መኪና ሲጠፋ ቀጠሮው ያልፈኛል፣ መድኃኒቱም ያልቅብኛል። ግድየለም፣ ልጆቼ አጠገቤ ናቸው። አንቺስ፣ ስኳርሽ ወረደልሽ?"

የውጤቱ ወረቀት ጭኔ ላይ ነበር።

"እንዳለ ነው" አልኳት።

"አብሽሪ፣ ይወርዳል" አለችኝ። "እኔ ዱዓ አደርግልሻለሁ።"