ያስተካከልኩት ካርድ

ልጄ ስትናገር ትንተባተባለች። ከእኔ ጋር ቤት ውስጥ ስትሆን ብዙም አይታወቅባትም፤ ሰው ፊት ግን የመጀመሪያዋ ፊደል አልወጣ ትላትና ትታገላታለች። እዚህ ወረታ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ክፍሉ ውስጥ ከሰማንያ የሚበልጡ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ወንበር ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን መምህር ጠየቃት። መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ቃሉ አልወጣ ሲላት ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እሷን አስመስላ ተንተባተበች፣ ክፍሉም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እጇን አንስታ አታውቅም። የመንፈቅ ዓመቱ ትምህርት ሲያልቅ «ከአባቴ ጋር ሽንኩርት ልኮትኩት፣ ትምህርቱ ይቅርብኝ» ትለኝ ጀመር።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንም አላስቆመኝም። አንድ ቀን ቀረሁ፣ በማግስቱም ቀረሁ፣ ከዚያ ለመመለስ አፈርኩ፤ በቃ፣ እንደዚያው ቀረሁ። ስለዚህ ልጅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትቀር ለሌላ እናት የማይታያት ነገር ለእኔ ይታየኛል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አዲስ የሳይንስ መምህር መጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወፍራም ወረቀት ሰጣቸው። ካርድ ይሉታል። መሐሉ ላይ በትንንሽ ጥቁር አራት ማዕዘኖች የተሠራ ቅርጽ አለ፤ በአራቱ ጎኖቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተጽፎበታል። የልጄ ካርድ ቁጥሩ አርባ ሰባት ነበር። መምህሩ ጥያቄውን ከነምርጫዎቹ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ የመረጡት ፊደል ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርገው ካርዱን ያነሳሉ። እሱ የስልኩን ካሜራ ከፊታቸው ቀስ እያለ ሲያዞረው ማን ምን እንደመለሰ ስልኩ ላይ ይወጣለታል። የአንዱ ካርድ ቅርጽ ከሌላው ስለማይመሳሰል መኮራረጅ የለም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እየሮጠች ገብታ ነው። ከሁሉ በላይ ያስደሰታት ግን መናገር አለመኖሩ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ለመሄድ የምትቸኩለው እሷ ሆነች። እኔም ካርዱ እንዳይታጠፍ፣ አቧራ እንዳይነካው ብዬ ከአሮጌ ነጠላ ማኅደር ሰፋሁለት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሌማት ክዳን እየሰፋሁ ነበር። ካርዱ ከማኅደሩ ወጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል። ስፌት የለመደ ዓይን አያርፍም። ቅርጹን ሳየው በአንድ በኩል ሁለት ጥቁር አራት ማዕዘን አለ፣ በወዲያኛው በኩል ግን አንድ ብቻ ነው። ከላይም እንዲሁ የጎደለ ቦታ አለ። እኔ የምሰፋው ሐረግ እንደዚያ ቢወጣብኝ ዙሩን በሙሉ እፈታዋለሁ እንጂ ዝም ብዬ አላልፈውም። ማተሚያው ቀለም አንሶት ይሆናል አልኩ። ደግሞ መምህሩ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ቢላትስ ብዬ ፈራሁ። የልጄን ጥቁር እስክሪብቶ አነሳሁና በማስመሪያ እየለካሁ የጎደለውን ሁሉ ሞላሁት። ሲያልቅ ከየትኛውም በኩል ቢያዩት እኩል ሆነ። ደስ አለኝ። ለእሷ መንገሩን እንደ ቁም ነገርም አልቆጠርኩት።

ሰኞ ዕለት ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። መምህሩ ስልኩን ይዞ አርባ ሰባት፣ ካርድሽን አንሺ ይላል፤ እሷ አንስታለች። ደግሞ ይጠራታል፤ ከፍ ታደርገዋለች። ሦስተኛ ሲጠራት ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ያቺ ፊት የምትቀመጠው ልጅ «ካርዷም ይንተባተባል» አለች። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። ረቡዕ ዕለት ካርዱን ከነማኅደሩ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ከእንግዲህ አልሄድም። መልሽላቸው።»

ካርዱን አወጣሁት። መስኮቱ አጠገብ ስይዘው የእኔ ቀለም ከማተሚያው ቀለም ይልቅ ያብለጨልጫል። ስልኩ ያላነበበው እኔ ስለነካሁት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ከትምህርት ቤት ያስወጣኋት እኔ ነኝ ማለት ነው። እውነቱን ለእሷ ለመናገር ግን አልደፈርኩም። በገዛ እጅሽ ካላስረከብሽ አይቀበሉንም ብዬ በማግስቱ አስከትያት ወጣሁ። የመኪና መንገዶቹ መገናኛ ላይ የጭነት መኪኖቹ እስኪያልፉ ቆመን ስንጠብቅ ለመምህሩ የምናገረውን በሆዴ እየደጋገምኩ ነበር።

መምህሩ ገና ወጣት ነው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ ተናገርኩት።

«መምህር፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የእኔ ነው። የጎደለ መስሎኝ ሞላሁት።»

ካርዱን ተቀብሎ አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ አዟዟረው። ከዚያ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ።

«እትዬ፣ ለስልኩ የሚነግረው እኮ ይኸው ጉድለት ነው። አራቱም ጎን እኩል ከሆነ የትኛው ወደ ላይ እንደተያዘ በምን ይወቀው?»

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ወደ ልጄ ዞረና ሆን ብላ መመለስ የተወች መስሎት እንደነበር፣ ከመጥራት ይልቅ ሄዶ ካርዱን ማየት እንደነበረበት ነገራት፤ ይቅርታም ጠየቃት። መምህር ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ልይዛት ስል ለካ እየሳቀች ኖሯል።

መምህሩ ቁጥሩ ያው የሆነ አዲስ ካርድ አትሞ ሰጣትና እኔን ከክፍሉ በር አጠገብ ቆመው ይዩ አለኝ። የእኔን ካርድ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። ይህን የሠራች እጀ ብልህ የስፌት ባለሙያ ናት አለ፤ የማን እናት እንደሆንኩ ግን አልተናገረም። ከዚያ ስልኩ ይህን ካርድ ያላነበበው ለምንድን ነው ብሎ አራት ምርጫ ጻፈ። ያ ሁሉ ልጅ ዝም ብሎ ካርዱን ሲያነሳ ክፍሉ በነጭና በጥቁር ተሞላ። የልጄን እጅ ፈለግሁ። ከኋላ፣ ከጥጉ በኩል፣ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታዋለች። መምህሩ ስልኩን አዙሮ በሩ ድረስ መጣና አሳየኝ። አርባ ሰባት፣ አረንጓዴ። አረንጓዴ ትክክል ማለት መሆኑን ነገረኝ። ያቺ ፊት የምትቀመጠው ልጅ ምን እንደመለሰች ስልኩ ያውቃል፤ እኔ አላየሁም።

ስትለቀቅ በር ላይ ጠብቄያት አብረን ተመለስን። መገናኛው ላይ ባጃጆቹ ተሰልፈው፣ ሰዉ ሞልቶ ሳለ ትናገረኝ ጀመር። የመጀመሪያዋ ፊደል እንደ ልማዷ ያዘቻት፤ አንዱ ሾፌርም ዞሮ አያት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትተወው ነበር። ያን ቀን ቆም አለችና ጨረሰችው።

«እማ፣ ሌላ የምታስተካክይው ካለ መጀመሪያ ንገሪኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ልቀሰቅሳት ስገባ አልጋው ባዶ ነው። ደንግጬ ወጣሁ፤ ቦርሳዋን አንግታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ካርዱ ደህና መሆኑን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ከማኅደሩ አወጣችና እጄ እንዳይደርስ በሩቁ አሳየችኝ።