«ተቀበል» የማይባል ሰው

ከደሴ የተነሳሁት የመጀመሪያ ሥራዬን ይዤ ነው። መካነ ሰላም ያለው የጦር ጣቢያ ሬዲዮ ተበላሽቷል ተባለ፤ ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነበርና ሄጄ እንድጠግን ታዘዝኩ። ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ በዚህ በኩል ለተራበው ሰው እህል የሚያደርሰው ጦሩ ነው። የዘገየው ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መንገዱን በናዳ ዘጋው። ተከፍቷል አልተከፈተም የሚለውን ወሬ የሚያመጣው እግረኛ ነው፤ እሱ እስኪደርስ እህሉ መኪና ላይ ይከርማል። ሬዲዮው የተላከው ለዚህ ነበር።

ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ብርዱ በላንድሮቨሩ ሸራ እየገባ አንገበገበን። ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳ ባዶ ነው፤ ገለባ እንኳ የለበትም።

አቀስታ

ገበያው ዳር እህል የጫኑ መኪኖች ተደርድረዋል። ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወታሉ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኳቸው።

«ናዳው መነሳቱን ማን ነግሮን! እግረኛው ከመጣ ሰነበተ፤ ገደል እንግባልሽ?»

የአቀስታው ሬዲዮ በሃምሳ አለቃ አበጋዝ እጅ ነው፤ ሽበታም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሬዲዮአቸው እንደሚሠራ ነገሩኝ።

«ታዲያ መካነ ሰላምን ለምን አይጠይቁም?»

«ሰላምታ ከማይመልስ ሰው ጋር ምን አወራለሁ፣ ልጄ? ጠዋት ሦስት ሰዓት እከፍታለሁ። እንዴት አደሩ እላለሁ፤ ቤቱን፣ ከብቱን፣ አገሩን እጠይቃለሁ። እሱ እቴ! ጭጭ። ተውኩት።»

ደሜ ፈላ። ሰው እየተራበ ሰላምታ! «ለሱ ባይሆን ለኔ ሲሉ፣ ከነገ ወዲያ ሦስት ሰዓት ይክፈቱ» ብዬ ለምኜ፣ ላንድሮቨሩን እዚያው ትቼ፣ ከአንድ በቅሎ ነጂ ጋር በአቋራጩ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ያደርነው አንድ ገበሬ ቤት ነው። ሴትዮዋ የተቀቀለ ሳማ አቀረበችልን፤ ጨው እንኳ የለውም። «አይ እንግዳ፣ በክፉ ቀን መጣሽብን» እያለች ይቅርታ ትጠይቀኛለች፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

መካነ ሰላም

የተራበው ሰው የሰፈረበት መጠለያ ከከተማው ዳር ነው። ከጀርባው አፈሩ ያልደረቀ መቃብር ተደርድሯል፤ አብዛኛው አጭር አጭር ነው። ልጅ ያቀፈች እናት በቅሎዬ ላይ ያለውን ሻንጣ እያየች፣

«ምን ይዘሽ መጣሽ እቱ?» አለችኝ።

«ሬዲዮ ልሠራ ነው።»

«ይበላል?»

 ቆሎ እንኳ የቀራቸው ለዚያች ቀን ብቻ ነበር።

የጣቢያው ሬዲዮ ሠራተኛ ሃምሳ አለቃ ሰይድ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ሳቂታ ነው። ሬዲዮውን ከነሳጥኑ አልጋው ሥር አስቀምጦታል። ከፈትኩት፤ ይሠራል!

«ተበላሽቷል ያላችሁት ምኑን ነው?»

«ታዲያ ጠባችንን ለደሴ እንጻፍ? የአቀስታው ሰውዬ ሰላምታ አይመልስም።»

እሱም! በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን አስከፍቼው አጠገቡ ቆምኩ። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ጀመረ፤ «እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደህና? አገሩ ደህና? አልሐምዱሊላሂ! ዝናቡስ?» ማቆሚያ የለውም፤ አውራ ጣቱም ከቁልፉ አይነሳም።

«ይልቀቁት!» ብዬ ጣቱን ጎተትኩት።

ያኔ የአቀስታው ድምፅ ገባ፤ «...ልጆችስ ደህና? ከብቱስ?»

ለካ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ነው ሰላም የሚባባሉት፤ መንገድ ላይ እንደተገናኘ ሰው። ቁልፉን የተጫነ ደግሞ አይሰማም። ሁለቱም ጠየቁ፤ ሁለቱም አልሰሙም፤ ሁለቱም አኮረፉ።

«ሲጨርሱ ‹ተቀበል› ብለው ቁልፉን ይልቀቁ አልተባላችሁም?»

«ተብለናል። ኧረ እቴ! አይቼው የማላውቀውን፣ ድምፁ አባቴን የሚመስል ሰው ‹ተቀበል› ልበለው? ምን አሳዳጊ የበደለው ይለኛል።»

«‹ይቀበሉ› ይበሉዋ!»

«ይፈቀዳል?»

«እኔ ፈቅጃለሁ።»

«አንቺ ማን ሆነሽ?» ብሎ ሳቀ። ግን ቁልፉን ተጫነ። «እንዴት አደሩ አባቴ? ይቀበሉ።»

ለቀቀው።  ከዚያ የሃምሳ አለቃ አበጋዝ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «አልሐምዱሊላሂ፣ ደህና አድረናል። እናንተስ? ... ይቀበሉ» አለ።

ሰይድ ዓይኑ ቀላ። «ናዳው ከተነሳ ሳምንት ሆነው። መኪኖቹ ይምጡ፤ እህል አልቆብናል። ይቀበሉ።»

አንድ ትንፋሽ ወሬ ነው። ለሱ ነበር ሳምንት የተጠበቀው። ማታ መኪኖቹ ሲገቡ፣ ያቺ እናት ልጇን ታቅፋ ከሁሉም ፊት ቆማ ነበር።

ደሴ

ስመለስ የመምሪያው ሻለቃ ምኑ እንደተበላሸ ጠየቀኝ።

«ምንም።»

«ምን ለወጥሽ ታዲያ?»

«ሁለት ፊደል።»

ነገሩን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር አለ። «ጦር ውስጥ አንቱታ የለም። ደንቡ የሚለው ተቀበል ነው።»

«ደንቡ ይከበር ካሉ ሬዲዮውም ሳጥኑ ውስጥ ተከብሮ ይቀመጣል፣ ጌታዬ» አልኩ። ከመጠለያው ጀርባ ያየሁትን ነገርኩት። እሱም፣ «ይሁን፤ እንደሚመቻቸው ይበሉ» አለ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ንዴቴ አልበረደም። አዲስ ዕቃ የማይነካ ሰው ወይ ፈሪ ወይ ሰነፍ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ቁልፉን ያውቁታል፤ ያስቸገራቸው ጨዋነታቸው ነው። እነሱን ልቆጣ ወይስ ያገሩን አነጋገር ሳይጠይቅ ያን ቃል የጻፈውን? ሁለቱንም ተቆጥቻለሁ። ከእንግዲህ ሳጥን ከመክፈቴ በፊት ሰዎቹ እንዴት እንደሚጠራሩ እጠይቃለሁ። ይህን ለማወቅ ሰው መሞት አልነበረበትም።