ኮዱ ሚኤሶ ነው

ጭሮ ቅርንጫፍ ስመደብ ወንበሩን ሰጡኝ፣ ጠረጴዛውን ሰጡኝ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ሰጡኝ። ኮምፒውተሩን ኃላፊው ራሱ አቧራውን በጨርቅ ወልውሎ አስረከበኝ። መሰላ ላይ ከእህል መጋዘን ጋር በተጣበቀች ጠባብ ክፍል ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ሁሉ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። እናቴ በስልክ «ሹመት ያዳብር» ብላ እልል አለችልኝ። ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር፤ የዚያ ወንበር ዋና ቁልፍ የሚገኘው ሚኤሶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅታችን ድርቅ ለመታቸው ወረዳዎች እህልና የከብት መኖ የሚያከፋፍል የእርዳታ ድርጅት ነው። ለማን ምን ያህል እንደተፈቀደ፣ ማን እንደወሰደ፣ የትኛው መኪና ወዴት እንደሄደ የሚመዘገበው በሲስተም ነው። ሲስተሙን ለመክፈት ደግሞ የይለፍ ቃል ብቻውን አይበቃም። ጠዋት ጠዋት ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር ወደ አንድ የተመዘገበ ስልክ ይልካል፤ ያ ቁጥር ካልገባ አይከፈትም። የተመዘገበው ስልክ ከእኔ በፊት በወንበሩ ላይ ለዓመታት የተቀመጠው ሰው ስልክ ነበር። እሱ የሚኤሶ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ተዛወረ፤ ስልኩም ኮዱም አብረውት ቆላ ወረዱ።

በመጀመሪያው ቀን ራሴ ደወልኩለት። ስሜን ነገርኩት፤ በእሱ ቦታ የተተካሁት እኔ ነኝ አልኩት፤ ኮዱን ጠየቅኩት። እንኳን ደህና መጣሽ አለኝ።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። ድምፅሽን አላውቀውም። እትዬን ታገናኚኝ?» አለኝ።

እትዬ ገንዘብ ያዣችን ናቸው። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ፣ መነጽራቸውን በክር ከአንገታቸው አንጠልጥለው የሚውሉ ሴት ናቸው። ስልኩን ከእጄ ተቀብለው በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው! እሱ ስለ ጉልበታቸው ጠየቃቸው፤ እሳቸው ስለ ሚኤሶ ሙቀት ጠየቁት። የመጋዘን ኃላፊው ድምፁን ከፍ አድርጉልን ብሎ ተጠጋ፤ ሾፌሩም ከውጭ ገባ። ለእያንዳንዱ የሚጠይቀው የየራሱ ነገር ነበረው፤ ለሾፌሩ ያልተጨረሰ የቤት ክዳን፣ ለመጋዘን ኃላፊው አልወልድ ያለች ላም። ሁሉም ከጠገቡ በኋላ ኮዱን ተናገረ፤ እትዬ ጮክ ብለው ደገሙልኝ፤ እኔም ጻፍኩ። የወንበሩ ባለቤት ነኝ ያልኩት ሴትዮ የሰው ቃል እየሰማሁ የምመታ ታይፒስት ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ይህ በየጠዋቱ የሚደረግ ሆነ። እነሱ ሰላምታ ነው የሚሉት። እኔ ግን ጆሮዬን አቁሜ ስሰማ ሰነባብቼ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ ሰውየው እየፈተሻቸው ነበር። የደወለው ሰው ራሱ ካልሆነ በቀር የማይመልሰውን ነገር ሳይጠይቅ ኮዱን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ድምፅ ይመሳሰላል፤ የእትዬ ጉልበት ግን ከማንም ጉልበት ጋር አይመሳሰልም ብሎ ይሆናል። ተፈታሾቹም መፈተሻቸውን ሳያውቁት ናፍቀውት ያድራሉ።

ቀናሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም። ሰው በባልንጀራው ደመወዝ ይቀናል፣ በቤቱ ይቀናል፣ በልጆቹ ይቀናል፤ እኔ በስድስት ቁጥር ቀናሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰባኪው ስለ ቅናት ሰበከ፤ ማን ነገረበኝ ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ። እጄን ዘርግቼ ጸለይኩ፣ አለቀስኩም። ሰኞ ጠዋት እትዬ ስልካቸውን ከቦርሳቸው ሲያወጡ እንደገና ቀናሁ።

ኩራትም አለብኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ አንድም ቀን አልደወልኩለትም። አንዳንዴ በስልኩ ውስጥ «አዲሷ ልጅስ እንዴት ናት?» ሲል ይሰማል። እኔም ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ሳላነሳ «ደህና ነኝ በሉት» እል ነበር። እትዬ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ያዩኛል።

አንድ ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት በቪዲዮ ስልጠና ሰጠን። አሠልጣኙ ጥርት ያለ ነገር ተናገረ። የተዛወረና የለቀቀ ሠራተኛ መግቢያው በዕለቱ ይዘጋ፤ ሁሉም በየራሱ ስም፣ በየራሱ ስልክ ይግባ፤ የአንዱን ኮድ ለሌላው መንገር ክልክል ነው አለ። ሕጉ ትክክል ነበር፣ እኔም ትክክል ነበርኩ፤ ሕጉን የወደድኩት ግን ትክክል ስለሆነ አልነበረም። ስልጠናው እንዳለቀ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ቁጥሩ ወደ እኔ ይዛወር አልኩ። ምን ያስቸኩላል፣ ሰውየው እንደሆነ ታማኝ ነው አለኝ። እትዬ ወሬው ሲደርሳቸው «ታዲያ በልጁ ላይ በር ልንዘጋበት ነው?» ብለው ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ቤት አልባ ያደረግኩት ይመስል፣ ያን ሰሞን ሁሉ አኮረፉኝ።

በታማኝነቱ ላይ እንከን ካላገኘሁ የሚሰማኝ እንደሌለ ገባኝ። ፍተሻ ነው ብዬ፣ ከተማ ውስጥ ሞባይል መሸጫ የምትሠራ ታናሽ እህቴን ደውይለት አልኳት። ከዋናው መሥሪያ ቤት ነኝ በዪ፣ ኮዱን ጠይቂው አልኳት። አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። እሱ በጨዋ ደንብ ካዳመጣት በኋላ፣ በግቢያችሁ በር ላይ ያለው ዛፍ ዘንድሮስ አፈራ ወይ ብሎ ጠየቃት። እህቴ «አዎ፣ ማንጎው ብዙ ነው» አለች። ሳቀና ዘጋው። ዋናው መሥሪያ ቤት በር ላይ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሌባ ልትሸውደኝ ነበር ብሎ ለቢሮው ሁሉ አወራ፤ የመጋዘን ኃላፊው ይህ ሰው ባንክ ነው መጠበቅ ያለበት አለ። በገዛ እጄ ዝናውን ጨመርኩለት።

በመጨረሻ የረዳኝ ኔትወርክ ነው። አንድ ጠዋት ሚኤሶ መስመሩ ጭራሹን ጠፋ። መኖ የጫኑ መኪኖች ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል፤ የመውጫ ወረቀታቸው የሚታተመው ደግሞ ከሲስተሙ ነው። እትዬ ይደውላሉ፣ አይነሳም። ፀሐዩ ከረረ፣ ሾፌሮቹ መሳደብ ጀመሩ፣ ከወረዳ መኖውን የሚጠብቁት ሰዎች ስልክ አላስቀምጥ አለን። ኃላፊው ላቡን እየጠረገ መጥቶ ያንቺው ነገር ልክ ነው አለኝ። ከብት በረሃብ የሚሞትበት አገር ላይ መኪና ቆሞብን እኔ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። ቅናት እንዲህ ያደርጋል።

ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ቁጥሩ እንዲዛወር አሮጌው ስልክና አዲሱ ስልክ አንድ ላይ ሆነው ማረጋገጥ አለባቸው አለ። ስለዚህ መስመሩ ተመልሶ መኪኖቹ መውጣት ሲጀምሩ፣ አንዱ የመኖ መኪና ጋቢና ገብቼ ሚኤሶ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። እንቢ ቢለኝ የስልጠናውን ቃል በቃሌ ልወጣበት፣ ቢያሾፍ ልቆጣው አስቤያለሁ።

የጅቡቲ መኪኖች ከሚያልፉበት አስፋልት ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ቀጭን ነው፤ ፀሐዩ አጥቁሮታል። ቀዝቃዛ ሚሪንዳ ይዞልኛል። ከሸሚዙ ኪስ አቧራ እንዳይገባት በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ አወጣ። ከኮዱ ሌላ ምንም አያደርግባትም፤ ልጆቹም አይነኳትም።

«ምነው ቀደም ብለሽ ባልመጣሽ?» አለኝ። ራሱ ውሰዱልኝ እንዳይል እነ እትዬን ቅር ይላቸዋል ብሎ አፍሮ ኖሯል። ያን ሁሉ ጠብ አዘጋጅቼ የምጣላው ሰው አጣሁ።

ዋናው መሥሪያ ቤት እስኪያረጋግጥ ድረስ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ መሰላ አልኩት። ማን አለሽ አለኝ፤ እናቴ አልኩት። ዓይኗን ሞራ እንደጋረዳት፣ ልትታከም ቀን እየጠበቀች እንደሆነ ሳልፈልግ ነገርኩት። እሱ ሲጠይቅ ሰው አፉን መያዝ ይቸግረዋል። ትንሽ ቆይቶ መንገድ መንገዱን እያየ፣ ያቺ ባለማንጎዋ ልጅ ድምፅዋ ያንቺን ይመስላል አለኝ። ሚሪንዳዬን ጠጣሁ።

ማረጋገጫው እኔ ስልክ ላይ ገባ። ትንሿን ስልክ አጥፍቶ ላስቲኳን መልሶ ጠቀለለባት፤ ከዚያ ከልቡ «ሹመት ያዳብር» አለኝ። እናቴ ያለችውን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማው ጎመዘዘኝ። ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሽቅብ ወደ ጭሮ ነፋሻ አየር ተመለስኩ።

በማግስቱ ኮዱ በእኔ ስልክ መጣ። «ኮዱ መጥቷል» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ሲስተሙ ተከፈተ። እትዬ ከቦርሳቸው አውጥተው የነበረውን ስልካቸውን አዩትና መልሰው ከተቱት። የመጋዘን ኃላፊው ወደ መጋዘኑ ሄደ፤ ሾፌሩም ያን ቀን አልገባም። ቢሮው ጭር ከማለቱ የተነሳ ውጭ የባጃጅ ሾፌር ከተሳፋሪ ጋር ሲከራከር ይሰማኝ ነበር። ሥራው ፈጠነ፤ ኃላፊው አመሰገነኝ። እኔ ግን ማን እንዴት አደርሽ እንደሚለኝ ስጠብቅ ሻይ ሰዓት ደረሰ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለሻይ ወደ ጓሮ ስወጣ መጋዘኑ በር ላይ ተሰብስበው አየኋቸው። በመሃላቸው የእትዬ ስልክ አለ፤ ከስልኩ ውስጥ የእሱ ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም ይስቃሉ። እኔን ሲያዩ እትዬ ድምፁን ቀንሰው ስልኩን ከነጠላቸው ሥር ደበቁት። ከቦይ ፍሬንዷ ጋር እናቷ የደረሰችባት ኮረዳ መሰሉ። እሱ እኮ አሁን ኮድ የለውም ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። እነሱ ይህን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል።

የዝናቡ ሰሞን ጉሮሮዬ አበጠ፤ ትኩሳቱ ጣለኝ። ለኃላፊው አሞኛል ብዬ መልእክት ላክሁና ተኛሁ። ጠዋት የመጋዘን ኃላፊው ደወለ። ኮዱ መጥቶ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት፤ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ዘጋው። አንድ ነገር ሳልጠይቅ፣ ድምፁን እንኳ ሳላጣራ ነው የሰጠሁት። ሚኤሶ ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ ስለ ላሟ ሳይሰማ ኮዱን አይናገርም ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ፣ ሌላ ሰው ይደውል ይሆናል ብዬ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ።

ተደወለ። ከሚኤሶ ነበር።

«እንዴት አደርሽ? አሟታል አሉኝ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«እትዬ ናቸው፤ ሁሉም ተጨንቀዋል። ‘እኛ ብንደውልላት ትቆጣናለች፣ አንተ ጠይቅልን’ አሉኝ። የእናትሽ ዓይንስ ተሠራ?»

የእኔ ደህንነት እንኳ ከጭሮ ተነስቶ፣ ቆላ ወርዶ፣ በሚኤሶ በኩል ዞሮ ነው የመጣው። ጉሮሮዬ ነው አልኩት። የእናቴ ዓይን ተሠርቶ ፋሻው ተነስቷል፣ የጎረቤት ፍየል ከሩቅ ለይታ ትሳደባለች አልኩት። ሳቀ። ከበስተጀርባው ከባድ መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

«አሁንማ ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አለኝ። «ኮድ ቢኖረኝ እሰጥሽ ነበር።»

እኔም ሳቅሁ፤ ጉሮሮዬን አመመኝ። ትኩስ ነገር ጠጪ አለኝ፤ በይ ልዝጋ፣ ወሬሽን እየጠበቁ ነው አለኝ። ስልኩ ሲዘጋ እትዬ አሁን በዚያኛው መስመር ላይ እንደሆኑ፣ ሌሎቹም ዙሪያቸውን ቆመው እኔ እንዴት እንደሆንኩ ከእሱ አፍ እየሰሙ እንደሆነ አወቅሁ። ከመቼውም ይልቅ የቀናሁበት ያን ጊዜ ነው።