ካስላኔ የተባለችው ኩላሊቴ

ቤይሩት ውስጥ «ካስላኔ» ያልተባለች ኢትዮጵያዊት ካለች እኔ አላገኘኋትም። በአረብኛ ሰነፍ ማለት ነው። ወለሉ ሳይደርቅ ቁጭ ካልሽ ካስላኔ፣ አንዴ ተጠርተሽ ካልሰማሽ ካስላኔ። እኔስ ቃሉን ከመልመዴ የተነሣ እንደ ስሜ ነበር የምሰማው። ኩላሊቴ ካስላኔ ስትባል ግን ደሜ ፈላ።

የታላቅ እህቴ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ሲን ኤል ፊል በሚባል ሰፈር በተከራየነው ክፍል አብረን እንኖራለን፤ እኔ በየቤቱ እየዞርኩ አጸዳለሁ፣ እሷ ቀን እየዘለለች ደሟን በማሽን ታሳጥባለች። እህቴ የምትሠራላት የጃል ኤል ዲብ ማዳም ሐኪም ቤቱን አመቻችታልን ነበር። የደም ምርመራው እንደምንስማማ ሲናገር አንዷን ኩላሊቴን ለእህቴ ልሰጥ ቆርጬ ተነሣሁ። የቀረው «ሱራ» ነው አሉኝ፣ የኩላሊት ምስል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ የደም ምርመራ የሁለቱን ድምር ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የትኛዋ ምን ያህል እንደምትሠራ ለየብቻ የሚናገረው ምስሉ ነው። ከሁለቱ አንዷ በጣም ደክማ ከተገኘች መስጠት አልችልም።

በቀጠሮው ዋዜማ ቫን ውስጥ ሳለሁ ነርሷ ደወለች። «ታዒ ቡክራ ሳይሜ» አለችኝ፤ ነገ ጾመሽ ነይ ማለቷ ነው። የቀጠለችውን የመኪና ጥሩንባ ዋጠው። እኔም «ሃድር»፣ እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጾም ደግሞ ማን እኔን ሊያስተምረኝ! ወሩ ነሐሴ፣ ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ከማታ ጀምሮ ጠብታ ውኃ በአፌ አልዞረም። ለእመቤታችንም ለሐኪሙም በአንድ ጾም ተገላገልኩ እያልኩ፣ በዚያ ሙቀት ላቤ እየተንጠፈጠፈ ሐኪም ቤት ደረስኩ።

ቴክኒሻኑ «ሳይሜ?» ሲለኝ «ሳይሜ!» አልኩት በኩራት። ክንዴ ላይ መድኃኒት ወግቶ አጋደመኝ። መድኃኒቱ በደም ሥር ወደ ኩላሊት ይሄዳል፣ ኩላሊት አጣርታ ወደ ፊኛ ስታወርደው ካሜራው ይከታተላል። እንዳትንቀሳቀሺ ተባልኩ። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ በቀን ጀርባዬን አሳርፌ አላውቅምና ዝም ብሎ መተኛቱ ራሱ አሳከከኝ። በዓይኔ ጥግ ስክሪኑን ሳይ ባቄላ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች በሩ። መድኃኒቱን ሲያወርዱ መደብዘዝ ነበረባቸው። እነሱ ግን እንደበሩ ቀሩ።

«ኪልዊቲክ ካስላኔ» አለኝ መርፌውን ሲነቅልልኝ፣ ኩላሊትሽ ሰነፍ ናት ብሎ። በጨዋታ ነው የተናገረው። በተለይ ግራዋ አታወርድም፣ የቀረውን ሐኪሙ ይነግርሻል አለኝ።

ለእህቴ አልነገርኳትም። «እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ገና ነው፣ እትዬ» ብዬ ወደ ሥራ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አጣሁ። የታጠበ ወለል መልሼ አጠብኩ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ደግሜ ተኮስኩ። ራውሼ ሰፈር የአሠሪዬን ውሻ ሳንሸራሽር እኔ አልቆም ስል ውሻው ደክሞት አስፋልት ላይ ተዘረጋ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ግራዋን እቆጣት ነበር፦ «አንቺ ምን ነክቶሽ ነው? የእኔ ሆነሽ እንዴት ትሰንፊያለሽ?» ፈርቼ ነበር። እህቴ ከእኔ ሌላ የሚሰጣት ሰው የላትም። እምቢ ካሉኝ ማሽኑ ላይ እንደተኛች ልትቀር ነው።

ሐኪሙ ጠርቶኝ ምስሉን አገላብጦ ካየ በኋላ «ያን ቀን ምን ያህል ውኃ ጠጣሽ?» አለኝ።

«የምን ውኃ? ሳይሜ ነበርኩ እኮ ዶክተር።»

መነጽሩን አወለቀ። «ሳይሜ ከምግብ ነው! ውኃማ እንድትጠጪ ነበር የፈለግነው። ያልጠጣሽውን ከየት አምጥታ ታውርደው?»

«ደግሞ ውኃ የሚጠጣበት ጾም አለ እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። ወዲያው ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቁም መሀል ላይ ልቅሶ ሆነብኝ። «ኸላስ፣ ኸላስ፣ በቃ» አለኝ፣ «እንደገና እናነሣሻለን።»

ሁሉን ስነግራት እህቴ ለሁለተኛው ምርመራ አብሬሽ ካልሄድኩ ብላ ተከተለችኝ። ኮሪደር ላይ እንደተቀመጥን ነርሷ ትልልቅ የውኃ ጠርሙሶች አምጥታ «ያላ፣ ሁሉንም» አለችኝ። አንዱን ከፍቼ መጎንጨት ስጀምር ነው እህቴ ጎኔ እንዳለች ያስታወስኩት። ሽንቷ ከቆመ ወዲህ የጠጣችው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ስለሚቀር ለቀኑ የሚፈቀድላት ትንሽ ኩባያ ነው። ሲብስባት ተጉመጥምጣ ትተፋለች። አፈርኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ምን ትደበቂኛለሽ? ወደዚህ ዙሪ» አለችኝ። «ዙሪና ጠጪ፣ ልይሽ።»

ዞሬ ጠጣሁ። ዓይኗ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

«ቀዝቃዛ ነው?»

«ነው፣ እትዬ።»

«ጠጪ በቃ።»

በዚህኛው ምስል ሁለቱም በርተው ወዲያው ደበዘዙ፤ እኔም ከማሽኑ እንደወረድኩ ወደ መጸዳጃ ቤት በረርኩ። በኋላ ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ኩላሊቶቼ ደህና መሆናቸውን፣ መስጠት እንደምችል ነገረን። የሚወስዱት በጥቂቱ የምታንሰዋን ግራዋን ነው፤ ብርቱዋ ለሰጪዋ ትቀራለች። «ብርቱዋን ለእሷ አድርጉልኝ» ብዬ ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም።

እህቴ የግራ የቀኙ ክርክር ውስጥ አልገባችም። በተሰባበረ አረብኛዋ «ዶክተር፣ ከዚያ በኋላ ውኃ እጠጣለሁ?» አለችው።

«እንዲያውም ካልጠጣሽ ነው የምቆጣሽ» አላት።

ማሽን ትጀምሪያለሽ በተባለች ቀን እንኳ ዓይኗ ያልረጠበው እህቴ፣ በሻርፗ ፊቷን ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።